ስም የሌላቸው ስላይዶች፦ የአጥቢያ ፎቶግራፎችን ስለ ማደራጀትና ወደ ዲጂታል ስለ መለወጥ

በአጥቢያችሁ ዕቃ ቤት ወይም በጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁመቱም ወርዱም 5 ሳንቲ ሜትር በሆነ የካርቶን ክፈፍ የታቀፉ ትናንሽ ፊልሞች ተቀምጠው ይሆናል። ወደ ብርሃን ሲያነሷቸው ምስል የሚያሳዩት እነዚህ ፊልሞች ስላይድ ይባላሉ። ዲጂታል ካሜራ ከመስፋፋቱ በፊት ብዙ ተመራማሪዎች፣ የርዳታ ሠራተኞችና እንግዶች የአብያተ ክርስቲያናትን ሥዕል፣ መስቀልና በዓል ያነሡት በእነርሱ ነበር። ስለ አያያዛቸው ለመጻፍ ያነሣሣኝ እኔው ራሴ የሠራሁት ስሕተት ነው።

ስሟን ከማልጠቅሳት ከአንዲት አጥቢያ ሁለት ካርቶን ስላይድ ተረከብሁ። አስተካክላለሁ ብዬ መስቀሉን ከመስቀል፣ ሥዕሉን ከሥዕል፣ የጥምቀቱን ከጥምቀቱ ጋር ለየሁ። በሦስት ቀን ያለቀው ሥራ ለዓይን ያማረ ነበር። ኋላ አንድ አረጋዊ ቄሰ ገበዝ መጥተው «ይህ መስቀል የየትኛው ደብር ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ፎቶግራፍ አንሺው ከደብር ወደ ደብር እየተዘዋወረ ያነሣቸው ስላይዶች በካርቶኑ ውስጥ የተቀመጡት በጉዞው ቅደም ተከተል ነበርና፣ የመስቀሉን ባለቤት የሚመሰክረው ከፊቱና ከኋላው ያለው ስላይድ ነበር። ያንን ምስክር እኔ በትኜዋለሁ። ከፊሉን ያዳነልን ፊልሙ ሲታጠብ በክፈፉ ላይ የታተመው ተራ ቁጥር ነው፤ ቁጥር የሌላቸው ግን እንደ ተበተኑ ቀሩ።

ስለዚህ አንድም ስላይድ ከቦታው ሳይነሣ ይቆጠር። ለእያንዳንዱ ካርቶን ፊደል፣ ለእያንዳንዱ ስላይድ ተራ ቁጥር ይሰጥ፤ ለምሳሌ ሀ-001። ቁጥሩ በክፈፉ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ ፊልሙን ግን ብዕርም ጣትም አይንካው። በክፈፉ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ካለ በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን፣ ስሕተት ቢመስልም እንኳ፣ እንዳለ ወደ መዝገብ ይገልበጥ። እርማቱ በሌላ ዓምድ ይገባል።

በእኛ አካባቢ ይህ ጥንቃቄ በእጅጉ ያስፈልጋል። በክፈፉ ላይ «ጊዮርጊስ፣ ጎጃም» ብቻ የሚል ስላይድ ቢገኝ፣ በቢቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ነው ወይስ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የተከሉት ሞጣ ጊዮርጊስ? ዘመኑም እንዲሁ ያሳስታል። በብዙዎቹ የኮዳክ ካርቶኖች ላይ የታተመው ወርና ዓመት ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ምስሉ የተነሣበት አይደለም። በዚያ ላይ «ጃንዋሪ 74» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ ወይም ጥር 1966 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነሱን የረሳ ጸሐፊ ታሪኩን ያዛባል። በመዝገቡ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይስፈሩ።

ቁጥርና ስም በወቅቱ መጻፉ ምን እንደሚጠቅም ከብራና መጻሕፍት ሥራ እንማራለን። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናችን በአሜሪካ ሚኒሶታ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተባበረችበት ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች በማይክሮ ፊልም ተነሥተዋል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው፤ የተገኘበት ቦታ ተመዘገበ፤ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ይዘቱን እየመረመሩ በካታሎግ አወጡት። ዛሬ ፊልሙ ወደ ዲጂታል ሲለወጥ ተመራማሪው የሚፈልገውን በቁጥሩ ያገኛል። ጎጃምም ባለ ካሜራ ተመራማሪዎችን አስተናግዳለች። ዲያና ስፔንሰር በ1974 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ጎጃም ጉዟቸው ሲጽፉ፣ የቅዱስ ሉቃስ ሥዕል እየተባሉ ስለሚከበሩ ሥዕላትና ስለ ቬኒሱ ሠዓሊ ብራንካሌዮን ሥራዎች አስነብበዋል። ሌሎች ብዙዎች ግን አንሥተው ሄደዋል፤ ምን እንዳነሡ አጥቢያው የሚያውቀው የለም።

ወደ ኮምፒዩተር ማስገባቱ ከሚፈራው ይልቅ ቀላል ነው። የፊልም ስካነር ከተገኘ በ4,000 ዲፒአይ ማንሣት በቂ ነው፤ አንዱ ስላይድ 21 ሚሊዮን ያህል ነጥብ፣ ሳይጨመቅ በቲፍ ሲቀመጥ ደግሞ 64 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። 2,000 ስላይዶች 128 ጊጋ ባይት ያህል ስለሚይዙ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ይበቃቸዋል። ለእያንዳንዱ አራት ደቂቃ ቢመደብ ሥራው 133 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የመብራቱን መጥፋት ሳንቆጥር ማለቴ ነው። ስካነር ከሌለ ጥሩ ካሜራ፣ የቅርብ ሌንስና ነጭ የብርሃን ሰሌዳ ይተኩታል። አቧራው በአየር መንፊያ ይነሣ፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያደርሳል። ኮዳክሮም የተባለው ፊልም በጨለማ ከተቀመጠ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ይጠብቃል፤ ከሌሎቹ ብዙዎቹ ወደ ቀይ አድልተዋል። ቀለሙን ማረም የሚቻለው በቅጂው ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ፋይል እንደ ወጣ ይቀመጥ። ሁለት ቅጂ በሁለት ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ከተማ ይኑር፦ የቢቸናው በሞጣ፣ የሞጣው በቢቸና ቢቀመጥ መልካም ነው።

ገንዘብ የማይገዛው ሥራ የአረጋውያን ምስክርነት ነው። ምስሎቹን በትልቅ ወረቀት አትማችሁ ለየብቻ አሳዩአቸው፤ በጉባኤ ከሆነ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይደግማል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ይጻፍ፤ ባይስማሙ ሁለቱም ቃል ይመዝገብ። ካህናትን ብቻ አትጠይቁ። ከካርቶኖቹ በአንዱ ውስጥ ማንም ያላወቀውን ቦታ የለዩት አንዲት እናት ናቸው፤ እኛ ልብሰ ተክህኖውን ስንመረምር እርሳቸው ከበስተኋላ ያለውን ወርካ አይተው ነበር። ወርካው ከወደቀ ቆይቷል።

ምስሉ ሁሉ ለሕዝብ ይታይ ማለቴ አይደለም። የዕቃ ቤቱን በርና መስኮት፣ የንዋያተ ቅድሳቱን ማስቀመጫ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በቴሌግራም ሲዘዋወሩ ሳይ እደነግጣለሁ፤ ለሌባ ካርታ እንደ መስጠት ነው። እነዚህ በአስተዳዳሪውና በሰበካ ጉባኤው እጅ ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። የንብረት መዝገብ ሆነው ሲያገለግሉ ግን ዋጋቸው ትልቅ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል በ2001 እ.ኤ.አ. ከቤልጅየም የተመለሰው መልኩ በዓለም የታወቀ ስለሆነ ጭምር ነው። የአንድ ገጠር ደብር መስቀል ይህን የመሰለ ዝና የለውም፤ ያለው ፎቶግራፉና ከፎቶግራፉ ጋር የተጻፈው ስም ነው።

እኔ ከበተንኋቸው ስላይዶች አንዱ እንዲህ ያለ መስቀል ያሳያል። አሁን ቁጥሩ ለ-214 ነው። ሦስት አጥቢያዎች አይተውት በዕቃ ቤታችን የለም ብለዋል፤ የሁለቱ ካህናት ግን በልጅነታችን ያየነው ይመስለናል አሉ። ከየት እንደ ጠፋ፣ የማን እንደ ነበረ ማስረዳት አልቻልንም። በሚቀጥለው ጉዞዬ ትልቁን ህትመት ይዤ እመጣለሁና፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆኑ አባቶችና እናቶች ካሉ ስማቸውን አስቀድማችሁ መዝግባችሁ ጠብቁኝ።