ከዕቃቃ እስከ ፊደል፦ የማስመሰል ጨዋታና የንባብ መሠረት

አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ሕፃናት ጨዋታ ሊጽፍ መነሣቱ ያስገርማችሁ ይሆናል። መነሻው ግን ያው የፊዚክስ ክፍል ነው። ምድርን በአንዲት ነጥብ፣ ኃይልን በቀስት፣ መጠነ ቁስን በፊደል ወክለን ስሌት ስንጀምር ግር የሚላቸው ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም አንድን ነገር በሌላ ወክሎ ማሰብ በዩኒቨርሲቲ የሚጀመር ነገር አይደለም። የአራት ዓመት ሕፃን ቆሮቆንዳ በጨርቅ ጠቅልላ «ልጄ ተኝታለች፣ አትረብሹ» ስትል ያን ጊዜ ጀምራዋለች።

ዕቃቃ ምን ያስተምራል?

ልጆች ዕቃቃ ሲጫወቱ ጠጠሩ ስኒ፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ ጭቃው ወጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጭቃውን አይውጡትም። አንድ ነገር በራሱ ምን እንደ ሆነና በጨዋታው ምን እንደሚወክል ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው። ይህ ልየታ የንባብ ሥር ነው። «ሞ» የሚለው ቅርጽ በራሱ የቀለም መስመር እንጂ ድምፅ አይደለም፤ ድምፅን እንዲወክል የተስማማን እኛ ነን።

ሶቪየታዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) ይህን ዝምድና ቀድሞ አስተውሎታል። በአንድ ሙከራ መጻሕፍት ቤት፣ ቁልፎች ልጆች፣ የኪስ ሰዓት መድኃኒት ቤት፣ ቢላዋ ደግሞ ሐኪም ሆነው ለሕፃናት ታሪክ ሲነገራቸው ያለ ችግር ይረዱት ነበር። ለቪጎትስኪ የእጅ ምልክት፣ የማስመሰል ጨዋታ፣ ሥዕልና ጽሕፈት የአንድ ረጅም ጉዞ ምዕራፎች ናቸው።

ዜማው ወይስ ፊደሉ?

የአማርኛ መሠረታዊ ፊደላት 33 ሲሆኑ በሰባት ሆሄያት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ የሚያንበለብል ልጅ ከመካከል አንዱን ፊደል ነጥለን ብናሳየው ሊደናገር ይችላል፤ የያዘው ዜማውን እንጂ ቅርጹን ላይሆን ይችላልና። የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ስለሚያውቁ የፊደሉን ተራ የሚያዘበራርቀውን «አቡጊዳ»ን ያስከትላሉ። በቅኔ ትምህርቱ ስመ ጥር የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ የሚገኝበት የቢቸና አካባቢ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን አንድ አኃዝ ያሳያል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ የኢትዮጵያ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ከቢቸና ወደ ሞጣ

ታዲያ ጨዋታውን ከፊደል ጋር እንዴት እናገናኘው? ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚያልፈውን መንገድ እንውሰድ። አምስት ዱካዎች በተርታ ሲደረደሩ አውቶቡስ ይሆናሉ፤ ሰፌዱ መሪ ነው። ከካርቶን በተቆረጠ ታፔላ ላይ በከሰል «ሞጣ» ተብሎ ይጻፋል። ረዳቱ «ሞጣ! ሞጣ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራል፤ ትኬት ቆራጯም በቁራጭ ወረቀት ላይ የመሰላትን ትጭራለች። ጭረቱ ፊደል ባይሆንም ጽሕፈት መልእክት እንደሚይዝ መረዳቷን ያመለክታል።

ቀጥሎ አቡጊዳውን በጨዋታ እናምጣው። ረዳቱ «ሞጣ» እያለ ሲጣራ ታላቅ እኅቱ ታፔላውን በ«ቢቸና» ትለውጠው። «ኧረ ይኼ ሞጣ አይደለም! ሞጣ ሁለት ናት፣ ይኼ ሦስት ነው» የሚል ልጅ ከተገኘ፣ በአማርኛ እያንዳንዱ ፊደል በአብዛኛው አንድ የቃል ክፍል እንደሚወክል መገንዘብ ጀምሯል። ሲበረታም የ«ጣ» እና የ«ና» መጨረሻ አንድ ዓይነት ድምፅ መሆኑን በጆሮው እንዲለይ ይጠየቅ። ሁለቱም ራብዕ ናቸውና።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው?

ሱዛን ኑማንና ካትሊን ሮስኮስ በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት፣ ጽሑፍ ያለባቸው ዕቃዎች በተሟሉበት የመጫወቻ ስፍራ አዋቂ አብሮ ሲሳተፍ ሕፃናት በአካባቢያቸው የሚያዩትን ጽሑፍ የመለየት ችሎታቸው እንደሚሻሻል አሳይቷል። በሌላ በኩል አንጀሊን ሊላርድና ባልደረቦቿ በ2013 እ.ኤ.አ. ቀደምት ጥናቶችን መርምረው፣ የማስመሰል ጨዋታ ብቻውን የልጅን እድገት ያመጣል ለማለት ማስረጃው እንደማይበቃ ገልጸዋል። ስለዚህ ጨዋታ ተአምር ይሠራል አንልም። ፍሬ የሚሰጠው ጽሑፍ ሲገባበትና የሚያነብ ሰው ሲታከልበት ነው። ያ ሰው ጨዋታውን ወደ ፈተና እንዳይለውጠው ግን ይጠንቀቅ፤ ልጁ ሹፌር መሆኑን ከተነጠቀ ታፔላውን የሚያነብበት ምክንያት አይኖረውም።

ይህ ሁሉ ለእናንተ ለተማሪዎች ለምን ተጻፈ? በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ በርካታ ሕፃናትም ፊደል የሚቆጥሩበት ጊዜ አልፎባቸዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት መክፈት በእናንተ አቅም ላይሆን ይችላል። ካርቶን፣ ከሰልና ግማሽ ሰዓት ግን በአብዛኛው ቤት አይታጣም። ለታናናሾቻችሁ በቅርብ የሚገኘው የሚያነብ ሰው ምናልባት እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ አንድ ታፔላ ጻፉላቸውና ተሳፈሩ። ከሳምንት በኋላ ፊደሎቹን ቆራርጣችሁ አዘበራርቁና ሞጣን መልሰው መሥራት ይችሉ እንደ ሆነ ሞክሩ። ውጤቱን መዝግቡት፤ ሳይንስ የሚጀምረው እንዲህ ነው።