በራሳችን ድርሻ መብቃቃት፣ በየቲሙ ድርሻ መትጋት

 

በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ዑለሞች «ቀናዓ» ብለው የሚጠሩትን የልብ ሥራ ነው። ቀናዓ ማለት አላህ (ሱ.ወ.) ባከፋፈለው ሪዝቅ መብቃቃት፣ በእጅ ባለው መርካት፣ የሌላውንም ድርሻ በዓይን አለመከተል ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሆኖም በየቤቱ አንድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ሰው ባለው ከረካ ስለ ነገ ለምን ይለፋል? ልጁንስ ለምን ያስተምራል? የየቲም አሳዳጊ ለሆነና የየቲም ወጪ ለሚሸፍን ሙስሊም ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የሚጠየቀው ስለ ራሱ ነገ ብቻ ሳይሆን በአደራ ስለተቀበለው ልጅ ነገ ጭምር ነውና።

ምሳሌያችንን ከደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከማጂ በኩል እንውሰድ። በዚያ አገር የቡና ችግኝ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ፍሬውን እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። ማፍራት ከጀመረም በኋላ ቢሆን የበልጉ ዝናብ ነክቶት ካበበበት ቀን አንሥቶ እሸቱ ቀልቶ እስኪለቀም ስምንት ዘጠኝ ወር ይሄዳል። በእነዚያ ዓመታት ባለቤቱ ያርማል፣ ይኮተኩታል፣ የጥላ ዛፉን ይጠብቃል፤ ቤቱ የሚያድረው ግን በጎደሬው፣ በበቆሎው፣ በእንሰቱ፣ በማሩና በኮረሪማው ነው። ገበሬው ጎደሬውን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መብላቱ ችግኙን ከመኮትኮት አያግደውም። ችግኙን መኮትኮቱም የጎደሬውን ጣዕም አያጠፋበትም። ዑለሞች በብዙ ገጽ የሚያብራሩት ነገር በአንድ ጓሮ ውስጥ ተገልጦ ይታያል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመኖሪያው ሰላም ሆኖ፣ አካሉ ጤነኛ ሆኖ፣ የዕለት ምግቡን ይዞ ያነጋ ሰው ዱንያ በሙሉ እንደ ተሰበሰበችለት እንደሚቆጠር አስተምረዋል። ይኸው አንደበት ነው የቂያማ ቀን ቢደርስ እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክለው ያዘዘው። ሁለቱን ሐዲሶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው መርካትና መትከል የሚጋጩ አለመሆናቸውን ይረዳል። በአላህ ስለ መመካት ሲያስተምሩም የጠቀሱት ወፍን ነው፤ ወፍ ደግሞ ጠዋት ከጎጆዋ ተርባ ትወጣለች እንጂ ጎጆዋ ውስጥ ሆና አትጠብቅም።

ችግሩ የሚመጣው ሆድ ሲጎድል ነው። ክረምት በቡና አገር ጭንቅ ጊዜ ነው፤ ያለፈው ዓመት ገንዘብ ያልቃል፣ የሚመጣው ዓመት ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ የያዘ ሰው ይመጣና ቡናውን በዛፉ ላይ እንዳለ፣ አንዳንዴም በአበባው ሳለ፣ በርካሽ ይገዛዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ መድረሱ ሳይታይ እንዳይሸጥ ከልክለዋል፤ ክልከላውም ለሻጩም ለገዢውም ነው። ምክንያቱንም ሲያስረዱ አላህ ፍሬውን ቢከለክለው ገዢው የከፈለው ገንዘብ በምን ሐቅ ይወሰዳል ብለው ጠይቀዋል። በአንጻሩ «ሰለም» የሚባለው የቅድሚያ ክፍያ ውል በታወቀ ስፍር ወይም ሚዛን፣ በታወቀ ዓይነትና በታወቀ ቀነ ገደብ ሲሆን ተፈቅዷል። ልዩነቱ ረቂቅ ስለሆነ ውል ከመግባታችን በፊት በአካባቢያችን ያሉትን ዓሊሞች እንጠይቅ።

እዚህ ላይ ግን ቸኩለን አንፍረድ። ባሏ ሞቶባት የልጆቿን ቡና በአበባው የሸጠች እናት «ቀናዓ ጎደላት» ሊባልላት አይገባም። እርሷ የሸጠችው ልጆቿ ያን ማታ እንዲበሉ ነው። ቀናዓ የጎደለው ምናልባት በክረምት ርካሽ ገዝቶ በኅዳር እጥፍ ባተረፈው ዘንድ ነው፤ ወይም ሶደቃ ለመስጠት አቅም እያለን ጊዜውን ባላሰብነው በእኛ ዘንድ። በሐምሌና በነሐሴ የሚደርስ ጥቂት ብር የአንድ የቲም ቤተሰብ ቡና ሳይሸጥ እስከ ለቀማው እንዲቆይ ያደርጋል። ያው ብር በታኅሣሥ ቢደርስ ደግ ነው፤ ነገር ግን ቡናውን አይመልሰውም። ስለዚህ ለጋሾች መጠኑን እንደምናሰላ ሁሉ ወሩንም እናስላ።

በዚህ ጽሑፍ አጥብቀን ልናስረዳ የምንሻው ነገር የሚከተለው ነው። ቀናዓ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ነፍስ የሚያዝዘው ነገር ነው። የጠገበ ሰው ለተራበ ሰው የሚሰብከው ከሆነ ግን ትርጉሙ ይጠፋል። በየቲም ስም መብቃቃትም አይቻልም። «ለእርሱ ይህ ይበቃዋል» የሚለው ንግግር በየቤታችን ይሰማል፤ ለእኛ ልጅ አዲስ ደብተር፣ ለየቲሙ ግማሹ የተጻፈበት፤ ለእኛ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ለየቲሙ ከብት ጥበቃ። ቁርኣን በኒሳእ ምዕራፍ መግቢያ ላይ የየቲሙን መልካም ንብረት በራስ መጥፎ ንብረት መለወጥን ይከለክላል። ሙፈሲሮች ሲያብራሩት በጃሂሊያ ዘመን አሳዳጊዎች የየቲሙን የሰባ በግ ወስደው የከሳ በግ ይተኩ ነበር ይላሉ፤ በግ በበግ ተተካ፣ ቁጥሩ አልጎደለም! በዚሁ ምዕራፍ ውስጥ አላህ ደካማ ልጆችን ትተው ቢሞቱ ለእነርሱ የሚሠጉ ሰዎች በየቲሞችም ጉዳይ እንዲፈሩት ያዝዛል። መለኪያው እንግዲህ ለየቲሙ ምን ይበቃዋል የሚለው አይደለም። እኛ ብንሞት ለልጃችን ምን እንመኝ ነበር የሚለው ነው።

ስለዚህም ነው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘካ እንዳይጨርሰው የየቲሞችን ገንዘብ ነግዱበት ብለው ያዘዙት። እኒህ ኸሊፋ በልብሳቸውና በምግባቸው የቀናዓ አብነት የነበሩ ናቸው። በራሳቸው ድርሻ የተብቃቁት ሰው በየቲሙ ድርሻ ላይ ግን ይባዛ አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ሀብታቸውን በሙሉ ሊሰጡ ባሰቡ ጊዜ ከሢሶ እንዳያልፉ አዘዋቸዋል፤ ወራሾች ተቸግረው የሰው እጅ ከሚያዩ ራሳቸውን ችለው ቢቀሩ ይሻላልና።

የካህፍ ምዕራፍንም በየጁሙዓው የምናነበው ነው። ሙሳ (ዐ.ሰ.) እና ኸድር ወደ አንዲት ከተማ ገብተው ምግብ ቢጠይቁ ሰዎቹ ማስተናገድን እምቢ አሉ። ኸድር ግን በዚያች ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግንብ አገኘና ያለ ክፍያ አቀናው። ግንቡ የሁለት የቲሞች ነበር፤ ሥሩም የእነርሱ ድልብ ተቀብሯል፤ አባታቸው ደግ ሰው ነበረ፤ አላህም ልጆቹ ለአቅመ አዳም ደርሰው ድልባቸውን እንዲያወጡ ሻ። ቀናዓን የምንማረው ከዚህ ነው፤ ኸድር በዚያ ቀን የሚበላው አልነበረውም፤ የሠራው ግን ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ የሌላ ሰው ቀን ነው።

በማቃለል የሚጠፋው የየቲሙ ንብረት ብቻ አይደለም፤ ልጁ ራሱም ጭምር ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ማጂ እንመለስ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማጂ ላይ ይቀመጥ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ ጫካ የቡና ዘር አሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ በታንዛኒያ በኩል አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹም ወደ ፓናማ ተሻገረ። በዚያ ብዙ ዓመታት «ምርቱ ትንሽ ነው» ተብሎ ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ ኖረ። በ2004 ግን ለብቻው ተለቅሞ ለውድድር ቢቀርብ አንደኛ ወጣ፤ በጨረታም የዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን የሆነ ዋጋ አገኘ። (ጫካው የበቀለበት አገር ሰው ከዚያ ዋጋ ምን ደረሰው የሚለው ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።) ዘሩ ያው ነበር፤ የጎደለው ለይቶ የሚያየው ሰው ነበር። በትምህርቱ ደከም ያለ፣ ዝምታ የሚያበዛ፣ «ከዚህ ልጅ ምን ይወጣል?» የተባለ የቲምም እንዲሁ ነው። አባቱ ቢኖር ኖሮ ለይቶ ባየው ነበር፤ አሁን ይህ የእኛ ድርሻ ሆኗል።

የለቀማው ወቅት ከትምህርት መጀመሪያ ጋር መገጣጠሙም የታወቀ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር እጅ ይፈለጋል፤ ከሁሉ በፊት ከክፍል የሚቀረውም ብዙ ጊዜ አባት የሌለው ልጅ ነው። ልጅ ሥራ መልመዱን አንነቅፍም፤ ቅዳሜና እሑድ ከእናቱ ጋር ቢለቅም ሪዝቁንም ያውቃል፣ እጁም ይጠነክራል። ሦስት ወር ሙሉ ከትምህርት ሲቀር ግን ከአበባው ላይ የተሸጠው ቡናው ሳይሆን ልጁ ነው። በዚያ አገር ሩቅ ይመስል የነበረው ዓላማ ዛሬ ቀርቧል፤ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ያስተምራል። እንግዲህ አንድ የቲም ከክፍሉ ለመቅረት ሲቃረብ አሳዳጊው ለለቃሚ የሚከፈለውን ገንዘብ ከምን እንደሚያገኝ ለጋሹ ቢጠይቅ፣ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

በመጨረሻ ስለ ሒሳብ እናንሳ። ቁርኣን ባለጸጋ አሳዳጊ ከየቲሙ ንብረት እንዲታቀብ፣ ድሃ አሳዳጊ ደግሞ በአግባቡ እንዲጠቀም ፈቅዷል፤ ልጁ ለአካለ መጠን ደርሶ ማስተዋሉ ከታየ በኋላ ንብረቱ እንዲሰጠውና በርክክቡ ላይ ምስክር እንዲቆም አዟል። ምስክሮቹ በዚያ ቀን ምን ይመሰክራሉ? ስንት እግር ቡና እንደ ነበረ፣ በየዓመቱ ስንት ፈረሱላ እንደተሸጠ፣ ምን ያህሉ ለምግብ፣ ምን ያህሉ ለትምህርት እንደወጣ በቃል ይዞ የሚቆይ ሰው የለም። ስለዚህ ደብተሩ ዛሬ ይከፈት፤ አሳዳጊዋ ማንበብ ባትችል የመስጂዱ ኢማም ወይም የጎረቤት ተማሪ ይጻፍላት። ልጁም ማንበብ ሲጀምር ደብተሩ ከእርሱ አይደበቅ።