ሥራውን ከእጁ ያላወጣ ሠዓሊ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት አንድ ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሩ ላይ ሰው ሲሥል አገኘነውና ገጹን ቀደን ጣልንበት። ልጁ አላለቀሰም፤ ጎንበስ ብሎ የተቀደደውን አነሣ። ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነናል። ስለዚህ ለዚህ ዕትም ጥናታችን ጄፍ ስሚዝ የተባለውን አሜሪካዊ የኮሚክ ሠዓሊ መርጠናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኮሚክ ማለት በተከታታይ ሥዕልና በአጫጭር ንግግር የሚተረክ ታሪክ ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሥላል፤ ባለቤትነቱ ግን የኩባንያው ነው። ነጻ ሠዓሊ የምንለው ራሱ ደርሶ፣ ራሱ ሥሎ፣ የማሳተሚያውንም ወጪ ራሱ ችሎ መብቱን በእጁ የሚያቆየውን ነው።

ስሚዝ በ1960 ፔንስልቬንያ ተወልዶ ኦሃዮ ውስጥ በኮሎምበስ ከተማ አደገ። «ቦን» የሚባሉትን አፍንጫቸው ትልልቅ የሆነ ነጫጭ ፍጥረታት መሣል የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው። ኋላም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ አወጣቸው። ልብ እንበል! መነሻው የተማሪ ጋዜጣ ነበረ እኮ።

ከዚያ ከባልደረቦቹ ጋር ባቋቋመው የአኒሜሽን ስቱዲዮ ሠራ። በ1991 ግን «ካርቱን ቡክስ» የተባለ የራሱን ማሳተሚያ መሥርቶ «ቦን»ን በጥቁርና ነጭ ማውጣት ጀመረ። ባለቤቱ ቪጃያ አይየርም ሥራዋን ትታ የንግዱን በኩል ያዘች። ታሪኩ በ55 ዕትሞች ቀጥሎ በ2004 ተፈጸመ፤ በአንድ ጥራዝ ሲሰበሰብ ከ1300 ገጽ በላይ ሆነ። በ2005 ስኮላስቲክ የተባለው የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ በቀለም ማውጣት ሲጀምር ታሪኩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገባ። ሁሉም ግን አልወደደውም፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2013 ብዙ አቤቱታ ከቀረበባቸው 10 መጻሕፍት ውስጥ ቆጥሮታል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

1ኛ፦ አንድን ሥራ ከፍጻሜ ለማድረስ ስጦታ ብቻ አይበቃም። 13 ዓመት በአንድ ታሪክ ላይ መቆየት የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

2ኛ፦ ነጻ መሆን ብቻ መሆን አይደለም፤ ሒሳቡንና ሽያጩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

3ኛ፦ ልጅ በደብተሩ ጠርዝ የሚሥለው ነገር ሁሉ ጥፋት አይደለም። ሒሳቡን ይከታተል፤ ይህ ግዴታው ነው። ታዲያ ያንን እጅ ለምን ለትምህርቱ አናውለውም? የክፍልፋይን ትምህርት በአራት ሥዕል አስረዳን ብንለው መርጃ መሣሪያም እናገኛለን፣ ልጁም ሒሳቡን ይይዛል።

ለውይይት፦ እናንተ ብትሆኑ ያንን ገጽ ምን ታደርጉት ነበር?