የኮምፒዩተር አንጎል ሲለወጥ

ማረሻ ቢዶለዱም ሞፈርና ቀንበሩን አንጥልም። ማረሻውን ብቻ እንለውጣለን። የድሮ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው።

አሚጋ 500 የሚባለው የቤት ኮምፒዩተር የወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። የሚያስብበት አንጎሉ 68000 የሚባል ቺፕ ነው፤ 64 እግሮች አሉት። ተከታዩ 68010 እግሩ ያው 64 ስለሆነ በዚያው ቦታ ይገባል።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እንነቅላለን። ከዚያ አሮጌውን ከሁለቱም ጫፍ ቀስ በቀስ እናነሳለን። በአንድ ወገን ብቻ ከሳብነው እግሩ ይጎብጣል። አዲሱን ስናስገባ ጫፉ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት በቀድሞው አቅጣጫ ትሁን። ከተገለበጠ ሊቃጠል ይችላል።

ፍጥነቱ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። አንዳንድ የቆየ ፕሮግራምም በአዲሱ አይሠራም። እግሩ ስለገጠመ ብቻ ሥራው ገጠመ አይባልም። ስለዚህ አሮጌውን አንጣለው፤ በደንብ እናስቀምጠው።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ቺፕ ለምን እናስቀምጣለን?