ቆዪ እስኪ፣ ያንን አምድ መልሺው

እሙዬ፣ እስኪ ወደ ላይ መልሺው። ያ ሦስተኛው ግራፍ ምንድን ነው? የቀበሌ ኮድ ሂስቶግራም፣ ከሥሩ ደግሞ «አማካይ 7.4»። እንዲህ የሚባል ቀበሌ የለም። ስክሪፕቱ ላይ አትፍረጂ፤ «ቁጥር ካየህ ሂስቶግራም፣ ጽሑፍ ካየህ ባር» ብለሽዋል፣ እሱም የታዘዘውን ፈጽሟል።

ሐሳቡን ግን ወድጄልሻለሁ። የ40 አምድ የቤት ለቤት ጥናት ይዞ አንድ በአንድ ሲሥሉ መዋል አሥረኛው ላይ ዓይን ያደክማል፤ ጥፋቱ ደግሞ ሠላሳኛው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ግራፉን ስክሪፕቱ ራሱ ይምረጥ ማለትሽ ልክ ነው። ብቻ ኮምፒውተሩ የሚያየው አምዱ በምን እንደተጻፈ ነው። ምን ማለት እንደሆነ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።

ቀላሉን እንጨርስ። ከመሣሉ በፊት በአምዱ ውስጥ ስንት የተለያየ መልስ እንዳለ ይቁጠር። 1,000 ረድፍ ውስጥ 12 ዓይነት ቁጥር ብቻ ካለ ምናልባት ኮድ ነው፤ ባር ይሣልለት። 1,000 ረድፍ ላይ ወደ 1,000 የሚጠጋ የተለያየ ከሆነ የመዝገብ ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ ለሱ ግራፍ አያስፈልግም፤ የተደገመ እንዳለ ብቻ ይፈትሽ። ስልክ ቁጥርም እንደዚያው። ግን ዳታውን የሚያነብልሽ ፓንዳስ እንደ ቁጥር ካነበበው መጀመሪያ ላይ ያለችውን 0 ይበላታል፣ 10 አኃዝ የነበረው 9 ይሆናል። የስንት አኃዝ እንደሆነ የሚቆጥር ባር ብትሠሪለት ይሄን ወዲያው ያሳይሻል። ኮድ አምዱ ውስጥ አንድ ባዶ ሴል ካለ ደግሞ ቀበሌ 3 «3.0» ሆኖ ስለሚመጣ እንዳያስደነግጥሽ።

አሁን ዕድሜን ክፈቺው። አየሽ እንዴት እንደሚያምር? ለስላሳ፣ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄድ። እኔን የሚያሳስበኝ ማማሩ ነው። የባሩን ብዛት የወሰነልሽ ደንብ የስተርጅስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣ፤ 1,000 ረድፍ ሲሰጡት 11 ባር ይላል። ከ0 እስከ 99 ዓመት ያለውን ሕዝብ ለ11 ስታካፍዪው አንዱ ባር 9 ዓመት ይይዛል። 9 ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ይደበቃል። እስኪ አንዱን ባር አንድ ዓመት አድርጊውና አስሮጪው።

ይኸው። 30 ላይ ማማ፣ 35 ላይ ትንሽ ከፍታ፣ 40 ላይ ደግሞ ማማ፤ 31 እና 39 ላይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የልደት ቀኑ ያልተመዘገበለት ሰው ዕድሜው ሲጠየቅ «ሠላሳ ይሆነኛል» ይላል፤ አንዳንዴም ዳታ ሰብሳቢው ፊት አይቶ ይገምትለታል። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ለዚህ ዊፕል ኢንዴክስ የሚባል መለኪያ አላቸው። ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ውስጥ በ0 እና በ5 የሚያልቁት ምን ያህል እንደበዙ ያሰላል፤ 100 ከሆነ ክምችት የለም፣ 500 ከሆነ ሁሉም ሰው በ0 ወይም በ5 መልሷል ማለት ነው። ስለዚህ ለዕድሜ ለብቻው ደንብ ጻፊለት፤ የባሩ ስፋት ሁልጊዜ አንድ ዓመት ይሁን። ቦክስ ፕሎት እዚህ ላይ አይጠቅምሽም፣ መሐሉንና ዳር ዳሩን ብቻ ስለሚያሳይ ክምችቱን ይውጠዋል። ክብደት ላይ ግን ይሁንልሽ፤ በ12 ኪሎ ሕፃናት መሐል አንዱን በግራም 12,000 ብሎ የጻፈ ካለ ወዲያውኑ ነጥሎ ያወጣዋል። ዕድሜው ላይ ያቺን 99 ላይ ብቻዋን የቆመችውንም ባር እይልኝ። የመቶ ዓመት አዛውንቶች ከመሰሉሽ መጠይቁን ገልጠሽ እይው፤ 99 «አላውቅም» ይሆናል።

የትውልድ ቦታ ላይ «ሐረር» እና «ሀረር» ሁለት ባር ሆነው መጥተዋል። ኋላ አንድ ታደርጊያቸዋለሽ፤ መጀመሪያ ግን እንደተጻፈው ይሣል። አጽድተሽ ከሣልሽ ምን እንደነበረ አታውቂም። ትምህርት ደረጃን ደግሞ ከብዙ ወደ ጥቂት አትደርድሪው፤ ካልተማረ እስከ ዲግሪ በራሱ ተራ ይሂድ።

የቀኑን አምድ ለመጨረሻ ያቆየሁት የኔም ቁስል እዚያ ስላለ ነው። ስክሪፕትሽ ጽሑፍ ነው ብሎ አልፎታል፣ አይደል? አንቺም ልክ እንደኔ «በግድ ቀን አድርገው፣ ያልሆነውን ባዶ አድርገው» ልትዪው ነው። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ያንን መስመር ጽፌ የአንድ ጤና ጣቢያ ሪፖርት አስረከብኩ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነበር። ፓንዳስ 13ኛ ወር አያውቅም፤ ጥቅምት 30ንም ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ስለሚያነበው አይቀበለውም። በጳጉሜ ወደ ጤና ጣቢያው የመጡ እናቶች በሙሉ ከሪፖርቱ ወጡ። ስህተት የሚል መልእክት አልመጣም። ካርዳቸው አለ፣ መጥተዋል፣ ተመርምረዋል፤ በኔ ግራፍ ላይ ግን የሉም። ያወቅኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ዛሬም ሳስታውሰው ይከነክነኛል።

ስለዚህ ቀን የሚመስል አምድ ሲያገኝ ስክሪፕትሽ ሁለት ነገር ይሥራ። አንደኛ፣ ወደ ቀን ሲለወጥ ስንት ረድፍ ባዶ እንደሆነ ግራፉ አናት ላይ በትልቁ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ወደ ቀን ከመለወጡ በፊት የወሩን ቀን የሚያሳዩትን ሁለት አኃዞች ብቻ ወስዶ ከ1 እስከ 31 ባር ይሣል። የእኛ ወር ከ30 አያልፍም። ዓመት ሙሉ የተሰበሰበ መዝገብ ሆኖ 31 ላይ ምንም ከሌለ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ግራፉ ይነግርሻል።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ፋይል ክፈቺና የአምዶቹን ስም ጻፊ፤ በእያንዳንዱ ፊት «ኮድ»፣ «ዕድሜ»፣ «የኢትዮጵያ ቀን» እያልሽ። ስክሪፕቱ መጀመሪያ እሷን ያንብብ፣ እዚያ የሌለውን ብቻ ራሱ ይገምት። የገመተውንም «ይህን ገምቼ ነው» ብሎ ከግራፉ ሥር ይጻፍልሽ።

በይ፣ ቀኑን አሁን አስሮጪው። ወንበሩን ወደዚህ ሳቢልኝ፣ 31 ላይ ያለውን አብረን እንየው።