ለወንድም የተሰጠ ብድርና ወረቀቱ

ጥያቄ፦ የምኖረው አምቦ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለወፍጮ መግዣ 150,000 ብር አበድረኝ ብሎኛል። ውል እንፈራረም ብለው ቅር ይለው ይሆን?

መልስ፦ ቅር ቢለውም ይፈራረሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 2472፣ ከ500 ብር በላይ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በተደረገ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ብሩን ሲቆጥሩ ያየ ጎረቤት ምስክርነት አያድንዎትም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሞት ነው፤ ወንድምዎ የታመነ ቢሆን እንኳ ወራሾቹ የማያውቁትን ዕዳ በምን ይመኑ?

ገንዘቡ ብድር መሆኑን፣ መጠኑንና የመመለሻ ቀኑን ይጻፉ፤ ከእናንተ ሌላ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ወለድ ካለ በዓመት ከ12 በመቶ አይለፍ፤ ከሌለም «ያለ ወለድ» ይባል። ብሩን በባንክ ያስተላልፉ፤ እሱም በከፈለ ቁጥር ፈርመው ደረሰኝ ይስጡት፤ ወረቀቱ ለእሱም መከታ ነው።