የጋሪባልዲ ዝና ከወዴት መጣ?

ሰው ለገዛ አገሩ ቢታገል የሌላው አገር ሕዝብ ስለ ምን ያከብረዋል? የኢጣሊያውን ጁሴፔ ጋሪባልዲን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1860 አንድ ሺህ ያህል ፈቃደኞችን ይዞ ወደ ሲሲሊ ዘመተ። ጋዜጦች ወሬውን ከነሥዕሉ አሠራጩ፤ ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንደር ዱማም የሕይወት ታሪኩን አሳተመለት። በ1864 ለንደን ሲገባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው።

ዝናውን ያሠራጨው ማተሚያ ቤት ነው፤ ያጸናው ግን ሥራው ነው። ድል ያደረገውን ደቡብ ኢጣሊያን ለንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ካስረከበ በኋላ፥ የቀረበለትን ማዕረግና ሀብት ትቶ ወደ ካፕሬራ ደሴት እርሻው ተመለሰ።

እንግዲህ ስለ ጀግና ስናነብ፥ «ምን ያህል ተወራለት?» ብቻ ሳይሆን «ድል ካደረገ በኋላስ ምን ሠራ?» ብለን እንጠይቅ።